«አልተመረጡም» ብቻ አይበቃም፦ ለጸጥታና ደህንነት መሥሪያ ቤቶች የምልመላ ክፍሎች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለፖሊስ፣ ለመረጃና ደህንነት፣ ለድንበር ጥበቃና ለመሰል የመንግሥት የጸጥታ መሥሪያ ቤቶች የሰው ኃይል ምልመላ ክፍሎች
ግልባጭ፦ ማመልከቻቸው ተቀባይነት ላጣ አመልካቾች
ጉዳዩ፦ የመልስ ደብዳቤው አመልካቹ የተመለሰበትን ደረጃ እንዲገልጽ ስለ መጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባልደረቦች፣

ለመደበኛ የቢሮ ሥራ አመልክቶ ሳይሳካለት የቀረ ሰው ይከፋዋል፣ ጥቂት ቀን ያኮርፋል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ማስታወቂያ ያልፋል። እናንተ ዘንድ አመልክቶ የተመለሰ ሰው ግን እንዲህ በቀላሉ አያልፍም። የጠየቃችሁት የትምህርት ማስረጃውን ብቻ አይደለማ። ባለፉት ዓመታት የኖረባቸውን ቤቶች፣ የወንድምና የእህቶቹን አድራሻ፣ ዕዳውን፣ የወሰደውን መድኃኒት፣ የቀድሞ የትዳር አጋሩን ስም ጭምር በፎርም አስሞልታችሁታል። ጎረቤቶቹን አነጋግራችኋል። ደሙንና ሽንቱን ወስዳችኋል። ይህ ሁሉ ከሆነና ብዙ ወራት ከጠበቀ በኋላ የሚደርሰው መልስ ሁለት መስመር ነው፦ «ማመልከቻዎ ተቀባይነት አላገኘም። ላሳዩት ፍላጎት እናመሰግናለን።»

ይህን ያነበበ ሰው «ውጤቴ አልበቃም» ብሎ አይረዳውም። «መርምረው አንድ መጥፎ ነገር አገኙብኝ» ብሎ ነው የሚረዳው። ማመልከቱን የሚያውቅ ዘመድ ካለም እንደዚያው ይጠረጥራል። እኛ በምልመላ፣ በፈተና ዝግጅትና የተመለሱ አመልካቾችን በማማከር ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ደጋግመን የምናየው ይህንኑ ነው። ብዙው አመልካች የሚመለሰው ግን ከጠባዩና ከታማኝነቱ ጋር ጨርሶ በማይገናኝ ምክንያት ነው። እናንተ ይህን ታውቃላችሁ፤ እሱ አያውቅም። ጥያቄያችን ዝርዝር ምክንያቱን ግለጡለት የሚል አይደለም። የት ደረጃ ላይ እንደቆመና መልሱ ለአሁን ይሁን ለዘለቄታው ብቻ ንገሩት።

«ምስጢር ነው» የሚለው መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። የትኛው ጎረቤት ምን አለ፣ የትኛው መዝገብ ታየ፣ የትኛው ጥያቄ ምን ለመፈተሽ ተዘጋጀ የሚለው ምስጢር ነው፤ ይቆይ። አመልካቹ ሩጫውን በ40 ሰከንድ እንዳዘገየ መንገር ግን የማንንም አገር ደህንነት አይነካም። ከዚያም አልፎ በኋላ ታሪክ ማጣራት ደረጃ እንኳ ማስረዳት እንደሚቻል የታየበት አሠራር አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የወጣው ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ቁጥር 12968፣ ምስጢራዊ መረጃ የማየት ፈቃድ የተከለከለ ሰው የአገር ደህንነት እስከፈቀደ ድረስ ዝርዝር የጽሑፍ ማብራሪያ እንዲሰጠውና መልስ እንዲያቀርብ ይደነግጋል። ችግሩ አዲስ አመልካቾች ብዙ ጊዜ ማጣራቱ ሳያልቅ «ለሥራው ተስማሚ አይደሉም» ተብለው ስለሚመለሱ ከዚህ መብት ውጭ መቅረታቸው ነው። በእንግሊዝም የደህንነት ማጣራት ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ፤ የተቋቋመው ግን በሥራ ላይ ላሉ እንጂ ለአዲስ አመልካች አይደለም። በሩ የሚዘጋው፣ እንግዲህ፣ ማብራሪያ በጣም በሚያስፈልገው ሰው ላይ ነው።

«አይ» የሚለው መልስ ስንት ዓይነት እንደሆነ አንድ በአንድ እንይ። እግረ መንገዳችንንም ለአመልካቾች የሚጠቅመውን እንናገራለን።

የመጀመሪያው የቁጥር «አይ» ነው። ለ30 ቦታ 200 ሰዎች ሁሉንም ደረጃ ካለፉ 170ዎቹ ምንም ጉድለት ሳይኖርባቸው ይመለሳሉ። እነዚህ ሰዎች የሚደርሳቸው ደብዳቤ ሐሰተኛ ማስረጃ አቅርቦ ከተያዘው ሰው ደብዳቤ ጋር በቃልም በነጥብም አንድ ነው። ተጠባባቂ ተብሎ የተያዘ ሰውም ቢሆን ዝርዝሩ መቼ እንደሚሰረዝ ካልተነገረው ስልኩን እያየ አንድ ዓመት ይቀመጣል።

ሁለተኛው የወረቀት «አይ» ነው። ስሙ በመታወቂያው፣ በልደት ማስረጃውና በዲፕሎማው ላይ በተለያየ ፊደል የተጻፈ፣ መታወቂያው የማመልከቻው ጊዜ ሳያበቃ የአገልግሎት ዘመኑ ያለፈበት፣ ዕድሜው የሚቆጠረው በፈተናው ቀን ሳይሆን ማስታወቂያው በሚዘጋበት ቀን መሆኑን ያላየ፣ ፎርሙ ላይ «አይመለከተኝም» ብሎ መጻፍ ሲገባው ባዶ የተወ፤ እነዚህ ሁሉ ሰው ሳያያቸው ይወድቃሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሁሉንም ሰነድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ስም፣ የትውልድ ቀንና ቁጥር በቁጥር ማመሳከር፣ ልዩነት ካለ ከማመልከት በፊት ሰጪው መሥሪያ ቤት ዘንድ ማስተካከል ነው።

በአካል ብቃት የወደቀ ሰው ከሁሉም የተሻለ ዕድል አለው፤ የጎደለው በሰዓትና በቁጥር ይለካልና። ፈተናው ከአገር አገር ቢለያይም መሠረቱ ተቀራራቢ ነው። የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ ልዩ ወኪል ለመሆን ለሚያመለክቱ የአንድ ደቂቃ ሲት አፕ፣ የ300 ሜትር ፈጣን ሩጫ፣ ፑሽ አፕና የ2.4 ኪሎ ሜትር ሩጫ ሲሰጥ ቆይቷል። በእንግሊዝና በዌልስ ፖሊስ ለመሆን በ15 ሜትር መካከል በድምፅ ምልክት እየተመላለሱ እስከ ደረጃ 5.4 (የአምስተኛው ደረጃ አራተኛ ምልልስ) መሮጥ ያስፈልጋል። ሰውን የሚጥለው ብዙ ጊዜ የአቅም ማነስ ሳይሆን አቅምን ያለቦታው መጨረስ ነው። ለ2.4 ኪሎ ሜትር የተሰጠው ጊዜ 12 ደቂቃ ከሆነ እያንዳንዱ የ400 ሜትር ዙር 2 ደቂቃ ይደርሰዋል። ከሰው ጋር ተፎካክሮ የመጀመሪያውን ዙር በ1 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ የጨረሰ ሰው አራተኛው ላይ እግሩ ይከዳዋል። ፑሽ አፕ ላይ ደግሞ 40 ሠራሁ ያለው ሰው 22 ብቻ ተቆጥሮለት ይገረማል። ክንዱ ላይኛው ጫፍ ላይ ሙሉ በሙሉ አልተዘረጋም፣ ደረቱ የተባለውን ያህል አልወረደም፣ ወይም ወገቡ ረግቧል፤ ፈታኙ እንዲህ ያለውን አይቆጥርም። ስልክን በጎን አቁሞ ራስን መቅረጽ፣ ከዚያም ከፈታኙ መመሪያ ጋር ማስተያየት ይህን በአንድ ቀን ያሳያል።

ከ10 እስከ 12 ሳምንት ያለው ሰው በሳምንት ሦስት ቀን ይሩጥ። አንዱ ቀን በሚፈለገው ፍጥነት ስድስት ጊዜ 400 ሜትር፣ በየመካከሉ ከ90 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ ዕረፍት፤ አንዱ ቀን እያወሩ መሮጥ በሚቻልበት ዝግታ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ሜትር፤ አንዱ ቀን መካከለኛ። ፑሽ አፕና ሲት አፕ በአንድ ጊዜ ከሚችለው ግማሹን፣ ከአራት እስከ አምስት ዙር፣ አንድ ቀን እየዘለሉ። በየሁለት ሳምንቱ በሰዓት መለካት ይገባል። ቅልጥም ላይ የሚሰማ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ርቀቱን በአንድ ጊዜ ከመጨመር ነው፤ ያመመው ሰው ይረፍ እንጂ አይቋቋመው። የመጨረሻውን ሳምንት ልምምዱን በግማሽ መቀነስ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ መሥራት የሚችለው ግን «በሩጫ ወድቀሃል» የተባለ ሰው ብቻ ነው። ያልተነገረው ሰው በዚያው ሦስት ወር የሩቅ ዘመዶቹን አንድ በአንድ እየጠረጠረ ይከርማል።

የጤና ምርመራ ላይ ሁለት ዓይነት መልስ አለና ሁለቱን አትደባልቁ። የደም ማነስ፣ የሄርኒያ፣ በመነጽር የሚስተካከል የዕይታ ችግርና የመሳሰለው በሕክምና ይለወጣል። ቀይና አረንጓዴን የመለየት ችግር ግን አይለወጥም፤ በሰሜን አውሮፓ ዝርያ ካላቸው አሥራ ሁለት ወንዶች አንዱ ገደማ ይህ ችግር አለበት፣ በሌላው ዘንድ ቁጥሩ ያንሳል፣ ብዙዎቹም የሚያውቁት በነጠብጣብ የተሠሩት የኢሺሃራ ገጾች ፊታቸው ሲቀርቡ ነው። ገጾቹን በቃል አጥንቶ መግባት የሚሞክሩ አሉ። ፈታኙ ቅደም ተከተሉን ስለሚቀያይር አይሠራም፤ ቢሠራም ሰውየው ነገ መንገድ ላይ የሚያየው መብራት አይቀየርለትም። ለእንዲህ ያለው ሰው ቶሎ «ይህ የሥራ መደብ ለዘለቄታው አይሆንህም፣ የትንተና ወይም የኮምፒውተር ክፍሉ ግን ይህን አይጠይቅም» ማለት ውለታ ነው። የደም ግፊት ደግሞ በድንጋጤ ብቻ ከፍ ብሎ ይገኛል። አመልካቹ ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ ቤቱ ለክቶ መዝገቡን ይዞ ቢቀርብ ይረዳዋል። ከመለካቱ በፊት አምስት ደቂቃ ይቀመጥ፣ ከግማሽ ሰዓት ወዲህ ቡናም ሲጋራም አይቅመስ፣ ክንዱን በልቡ ትክክል ያሳርፍ።

በሥነ ልቦና ፈተና የወደቀ ሰው «እብድ ተባልኩ» ይላል። አልተባለም። በብዙ አገሮች የፖሊስና የደህንነት ምልመላ ውስጥ የሚሠራበት ኤም ኤም ፒ አይ 2 የተባለው መጠይቅ 567 «እውነት» ወይም «ሐሰት» የሚባሉ ዐረፍተ ነገሮች አሉት። ከእነዚህ መካከል የሰውየውን ሕመም ሳይሆን አመላለሱን የሚለኩ አሉ። በሕይወቱ ተቆጥቶ፣ አምቶ፣ ትንሽ ዋሽቶ እንደማያውቅ የሚመልስ አመልካች ራሱን የሚያሳምር ተብሎ ይመዘገባል፤ ውጤቱም ሊነበብ የማይችል ይሆናል። ጥሩ ሆኖ ለመታየት የለፋ ሰው በልፋቱ ይወድቃል ማለት ነው። ይህ ዓይነቱ ውጤት የበሽታ ስም አይደለም፣ ሐኪም ዘንድ እንደ ምርመራ ውጤት የሚቀርብም አይደለም። እናንተም ይህንኑ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉለት።

ቃለ መጠይቁን በአጭሩ እንለፈው። ፈታኞቹ ቀድሞ በተዘጋጀ መለኪያ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ስሜትና የአገር ፍቅር ብቻውን ነጥብ የለውም። ነጥብ የሚያሳጣው በዋናነት «እኛ እንዲህ አደረግን» የሚል መልስ ነው። ጠያቂው የሚጽፈው አመልካቹ ራሱ ምን አየ፣ ምን ወሰነ፣ ምን ሠራ፣ ምን ሆነ የሚለውን ስለሆነ «እኛ» ሲባል ወረቀቱ ባዶ ይቀራል። «ለምን ይህን ሥራ ፈለግህ?» ሲባል ስለ መሣሪያና ስለ ድብቅ ሕይወት የሚያወራም ብዙ ነው። (የዚህ ሥራ ትልቁ ክፍል ሪፖርት መጻፍ መሆኑን ማንም አልነገረውም።)

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ፤ የኋላ ታሪክ ማጣራት። ሁሉም የተመለሰ ሰው እዚህ ላይ የወደቀ ይመስለዋል፤ በእርግጥ እዚህ ከወደቁት መካከልም ብዙዎቹ የወደቁበትን ምክንያት አሳስተው ይገምታሉ። የማጣሪያ መለኪያ በይፋ ሲታተም ምን እንደሚመስል ለማየት እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2017 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሠራበትን መመሪያ መመልከት ይቻላል። 13 ርዕሶች አሉት፤ ከእነዚህም ታማኝነት፣ የውጭ አገር ተጽዕኖ፣ የገንዘብ ሁኔታ፣ አልኮል፣ አደንዛዥ ዕፅ፣ የወንጀል ድርጊት፣ የግል ምግባር፣ የኮምፒውተር አጠቃቀም ይገኙበታል። ከእያንዳንዱ ርዕስ ሥር ደግሞ ጉዳዩን የሚያቀሉ ሁኔታዎች ተዘርዝረዋል፦ ነገሩ ከሆነ ረጅም ጊዜ ማለፉ፣ ሰውየው በወቅቱ ልጅ መሆኑ፣ በራሱ ፈቃድ መናገሩ፣ ችግሩን ማስተካከል መጀመሩ። የሚመዘነው ሰውየው በጠቅላላው ነው እንጂ አንድ ጥፋት ብቻውን ተነጥሎ አይደለም።

በተግባር ሰው የሚወድቅባቸውን ሦስት ቦታዎች እናንሳ።

አንደኛው መደበቅ ነው። ሁለት ወር ሠርቶ የተባረረበትን ሥራ ከዝርዝሩ ያወጣ አመልካች የሚወድቀው በመባረሩ ሳይሆን በማውጣቱ ነው። መባረር ይብራራል፤ የጎደለ መስመር ግን «ሌላስ ምን ደበቀ?» የሚል ጥያቄ ይወልዳል። ብዙው መደበቅ ደግሞ ክፋት የለበትም፤ መርሳት ነው። ስለዚህ ፎርሙን ከመንካት በፊት የወር በወር ሰንጠረዥ መሥራት ይገባል። በአንድ ዓምድ የኖረበት ቤት፣ በሁለተኛው ሥራ ወይም ትምህርት፣ በሦስተኛው ከአገር የወጣበት ጉዞ፣ በአራተኛው ያንን ጊዜ የሚመሰክር ሰው። ባዶ ወር ካለ «ሥራ ፈልጌ ቤተሰብ ዘንድ ነበርኩ» ብሎ መሙላት ይሻላል። ቀኖቹን ከባንክ መግለጫ፣ ከኪራይ ውልና ከፓስፖርት ማኅተም ማውጣት ይቻላል። የሞላውን ፎርም ቅጂ ደግሞ አመልካቹ ያስቀምጥ። በሁለተኛው ማመልከቻ ላይ የተጻፈው ከመጀመሪያው ጋር ሲጣረስ የሚያይ ሰው አለ።

ሁለተኛው ዕዳ ነው። መሥሪያ ቤቱ የሚፈራው ድህነትን ሳይሆን በገንዘብ ሊገዛ የሚችልን ሰው ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ከአበዳሪው ጋር የተፈራረመበት የአከፋፈል ስምምነትና ያላቋረጠ የክፍያ ደረሰኝ ካለው ፋይሉ ሌላ መልክ ይይዛል። ስድስት ወር የተከፈለ ደረሰኝ ከማንኛውም የማብራሪያ ደብዳቤ ይበልጣል።

ሦስተኛው ማንም የማያስበው ነው፦ ማጣራት አለመቻል። አመልካቹ መርማሪዎች ሄደው መጠየቅ በማይችሉበት አገር ረጅም ጊዜ ኖሮ ከሆነ፣ ወይም የቅርብ ዘመዶቹ እዚያ ካሉ፣ ፋይሉ «ጥፋት አልተገኘም፣ ንጽሕናም ማረጋገጥ አልተቻለም» በሚል ሊዘጋ ይችላል። ይህ ሰው ምንም አላደረገም። ግን ከዚህ በላይ ራሱን የሚወቅስ አመልካች የለም።

ፖሊግራፍ የሚባለውን የውሸት መመርመሪያ የምትጠቀሙ መሥሪያ ቤቶች ለየት ያለ ኃላፊነት አለባችሁ። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ጥናት የመሣሪያው ትክክለኛነት ለሠራተኛ ማጣሪያ ሊታመኑበት እንደማይበቃ ደምድሟል፤ ምክንያቱን ያሳየውም በቀላል ስሌት ነው። 10,000 ሠራተኞች አሉ እንበል፤ 10ሩ ሰላዮች ናቸው። ማሽኑ ከአሥሩ ስምንቱን እንዲይዝ ተደርጎ ከተስተካከለ ከስምንቱ ጋር 1,598 ንጹሐን አብረው ይወድቃሉ፤ ሁለቱ ሰላዮች ደግሞ ያልፋሉ። ስለዚህ ፖሊግራፍ ላይ «ዋሽተሃል» የተባለ ሰው ያልዋሸ የመሆን ዕድሉ እጅግ ሰፊ ነው። ማሽኑ የሚለካው የልብ ምትን፣ የደም ግፊትን፣ አተነፋፈስንና የቆዳ ላብን ነው፤ ውሸት የራሱ የልብ ምት የለውም። ይህን እያወቃችሁ ሰውን ያለ አንድ ቃል ከዚያ ክፍል አታሰናብቱት።

ከዚህ በታች ያለው በቀጥታ ለተመለሳችሁት አመልካቾች ነው።

ደብዳቤው በደረሰ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ምንም አትጻፉላቸው። በንዴት የተላከ ኢሜይል በፋይላችሁ ይቀመጣል፤ ስትመለሱ ይጠብቃችኋል። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ስለ ፈተናው ጥያቄዎችና ስለ ጠያቂዎቹ መጻፍም እንዲሁ፤ ምስጢር ለመጠበቅ የፈረማችሁበት ወረቀት አለና በሕግም ሊያስጠይቅ ይችላል። የእንግሊዙን የአገር ውስጥ ደህንነት መሥሪያ ቤት ኤም አይ 5ን የመሰሉ መሥሪያ ቤቶች አመልካቹ ከትዳር አጋሩ ወይም ከቅርብ ቤተሰቡ ውጭ ለማንም እንዳይናገር ይጠይቃሉ። ይህ ሐዘኑን ብቸኛ ያደርገዋል፤ ያመለከተውን የማያውቅ ጓደኛ ለምን እንደከፋው አያውቅለትም። ለዚህ የሚበቃ አንድ ዐረፍተ ነገር አዘጋጁ፦ «ረጅም ሂደት ያለው ሥራ አመልክቼ ነበር፣ አልተሳካም፣ ዝርዝሩን ማውራት አልፈልግም።» እውነት ነው፣ ምንም አያጋልጥም፣ ሰውም እንዲያጽናናችሁ በር ይከፍታል።

የማይነገረውን መጻፍ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ጥናት ከሥራ የተሰናበቱ ባለሙያዎች በቀን 20 ደቂቃ ለአምስት ቀን ስለ መሰናበታቸው የተሰማቸውን ሲጽፉ፣ ካልጻፉት ቀድመው ሥራ አግኝተዋል። የላኩት የማመልከቻ ደብዳቤ ብዛት ግን ተመሳሳይ ነበር። የተለየው ቃለ መጠይቅ ላይ ንዴታቸውን ይዘው አለመግባታቸው ሳይሆን አይቀርም። ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ለማንም አታሳዩት፣ የፈተናውን ይዘት ሳይሆን የተሰማችሁን ጻፉ፣ ሲያልቅ ቅደዱት። እንቅልፍ ማጣቱና ተስፋ መቁረጡ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም መጠጥ ከበዛ፣ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ አነጋግሩ። «ለወደፊት ይከለክለኛል» ብሎ የሚፈራ ብዙ ነው። ከላይ የጠቀስነው የ2017ቱ መመሪያ የአእምሮ ጤና ምክር መቀበል ብቻውን እንደ ጉድለት ሊቆጠር እንደማይችል በግልጽ ጽፏል።

ከሳምንት በኋላ ጥያቄ አቅርቡ፤ አጠያየቁን ግን እወቁበት። «ለምን ጣላችሁኝ?» የሚል ደብዳቤ «ምክንያት አንገልጽም» የሚል መልስ ያመጣል። «የፈተና ውጤቴን፣ የሞላሁትን ፎርም ቅጂና እንደገና ማመልከት የምችልበትን ቀን እጠይቃለሁ» የሚለው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ያመጣል። የግል መረጃ ሕግ ባለባቸው አገሮች ስለ ራስ የተያዘ መረጃን ቅጂ መጠየቅ መብት ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት መደበኛው የመልስ ጊዜ አንድ ወር ነው። ለአገር ደህንነት ሲባል የሚቀነስ ክፍል ይኖራል፤ የሚደርሳችሁ ግማሹ ጥቁር የተቀባ ገጽ ሊሆን ይችላል። ያልተቀባው ግን ይጠቅማል። በተጨማሪ የፖሊስ መዝገባችሁንና የብድር ታሪካችሁን ራሳችሁ አውጥታችሁ እዩ። በስም መመሳሰል የሌላ ሰው ክስ ወይም የተከፈለ ዕዳ እንዳልተከፈለ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ይህን የሚያስተካክለው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ሁለት ዓይነት ሰዎች ደግሞ ይፈልጓችኋል። አንዱ «ውስጥ ሰው አለኝ፣ ገንዘብ ክፈል፣ ስምህን አስገባለሁ» ይላል። ከሁለት አንዱን ታጣላችሁ፦ ገንዘባችሁን፣ ወይም ከተያዘ ጉቦ ሰጪ ተብላችሁ መላ ዕድላችሁን። ሁለተኛው ጨዋ ነው። በባለሙያዎች ማኅበራዊ ገጽ ላይ ስለ ልምዳችሁ የሚጠይቅ፣ ለአጭር «ጥናት» ጥሩ የሚከፍል፣ ከዚያም ስለ ምልመላው ሂደት የሚጠይቅ። የእንግሊዝ የደህንነት ባለሥልጣናት እ.ኤ.አ. በ2021 በከፈቱት ዘመቻ ከ10,000 የማያንሱ ዜጎቻቸው በአምስት ዓመት ውስጥ በእንዲህ ያለ ሐሰተኛ ገጽ እንደተቀረቡ አስታውቀዋል። ከአገሩ መሥሪያ ቤት የተመለሰና የተናደደ ሰው የውጭ ሰላይ የሚፈልገው ዓይነት ሰው ነው። ሲቪያችሁ ላይ «ለዚህ መሥሪያ ቤት አመልክቼ ነበር» ብላችሁ አትጻፉ።

ያዘጋጃችሁት ነገር ደግሞ ሌላ ቦታ ዋጋ አለው። የጉምሩክ ምርመራ፣ የአየር ማረፊያ ጥበቃ፣ የባንክ የሕገ ወጥ ገንዘብ ዝውውር ቁጥጥር፣ የኢንሹራንስ ማጭበርበር ምርመራ፣ የኮምፒውተር ደህንነት፣ የአደጋ ጊዜ ጥሪ ማዕከል፣ የማረሚያ ቤት አስተዳደር፤ እነዚህ ሁሉ የሚፈልጉት ነገሮችን ማገናዘብ፣ መመዝገብና አፍ መዝጋት የሚችል ሰው ነው። ሁለት ዓመት ንጹሕ የሥራ መዝገብ በአንዱ ቢኖራችሁ፣ ሁለተኛው ማመልከቻ ከመጀመሪያው ጠንካራ ነው።

ወደ እናንተ እንመለስ፣ የምልመላ ክፍሎች። ከደብዳቤው ሌላ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። በቅድመ ሁኔታ የተሰጠ የሥራ ቅጥር ደብዳቤ ላይ «የመጨረሻው ማረጋገጫ ሳይደርስዎ አሁን ያሉበትን ሥራ አይልቀቁ» የሚለውን በደማቁ ጻፉ፤ ይህን ሳያይ ሥራውን ለቆ ማጣራቱ ላይ የተመለሰ ሰው ሁለት ሥራ አንድ ቀን ያጣል። ማጣራቱ ሲዘገይ በየ60 ቀኑ «ፋይልዎ በሂደት ላይ ነው» የሚል አንድ መስመር ላኩ። እንደገና ማመልከቻ ቀኑን በቀን፣ በወርና በዓመት ጻፉ፤ «ለወደፊት» የሚለው ቃል ሰው ወይ በማግስቱ እንዲያመለክት ወይ ጨርሶ እንዲተው ያደርጋል።

ደብዳቤውን ለማርቀቅ ጊዜ ከሌላችሁ ይህንን ውሰዱት። ክፍት ቦታዎቹን መሙላት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፦

«ክቡር/ክብርት ______፣ ለ______ የሥራ መደብ ያቀረቡት ማመልከቻ በዚህ ዙር አልተሳካም። ማመልከቻዎ የቆመው በ______ ደረጃ ነው (ሰነድ / የጽሑፍ ፈተና / የአካል ብቃት / ጤና / ሥነ ልቦና / ቃለ መጠይቅ / ማጣራት / ሁሉን አልፈው በቦታ እጥረት)። ከዚህ ደረጃ በኋላ ያሉት አልታዩም። ይህ ውሳኔ ለዚህ የሥራ መደብ ብቻ / ለሁሉም የሥራ መደቦች የሚጸና ነው። ከ______ ቀን ጀምሮ እንደገና ማመልከት ይችላሉ / አይችሉም። ውሳኔው የወንጀል ፍርድም የሕክምና ምርመራ ውጤትም አይደለም፤ ለሌላ ቀጣሪም አይተላለፍም። የፈተና ውጤትዎንና የፎርምዎን ቅጂ በ30 ቀን ውስጥ በ______ መጠየቅ ይችላሉ።»

ከአክብሮት ጋር፣
በምልመላ፣ በፈተና ዝግጅትና በአመልካቾች ምክር ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች